አባቴ የከረመበት ቤት

በቀደም ቬጋስ፣ አርትስ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። የፈለግሁት የአበባ ማስቀመጫ ነው። ባለሱቁ ከጥግ የተጠቀለለ የሣር ምንጣፍ አንሥቶ ለሌላ ደንበኛ ሲዘረጋ ሽታው እኔ ወዳለሁበት መጣ። የደረቀ ሣር ሽታ ነው፤ ግን ከሥሩ ትንሽ እርጥበት፣ ትንሽም ጨው ያለበት ይመስላል። ማስቀመጫውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ውጭ የቬጋስ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ እኔ ግን በካልሲ እግሬ እንዲያ ያለ ምንጣፍ ላይ ቆሜ፣ ከወረቀት በር ወዲያ ባሕር ሲተነፍስ እየሰማሁ ነበር።

ይህን ነገር ለሰው በቅጡ አውርቼው አላውቅም። ልንገራችሁ።

ሃይስኩል የጨረስኩበት ሰመር ነው። የምንኖረው ፓራዳይዝ በሚሉት የቬጋስ ሰፈር ውስጥ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር የቁም ሣጥኑ ብርጭቆ በሚንቃጨልበት አፓርትመንት ነበር። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ አባቴ ታክሲ ይነዳል። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው ሲያወራ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ እሱ አፉን የሚፈታው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ባሕር።

በወጣትነቱ በጭነት መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበር። በአንድ ጉዞ ላይ ጃፓን ጠረፍ ሲደርሱ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ሆነና መርከበኞቹ በአንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ አወረዱት። ሆስፒታል አስገብተውት መርከቡ ጭነቱን ይዞ ሄደ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚሄድበት ስላልነበረው፣ እዚያው ባሕሩ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በረዶው እስኪቀልጥ እነሱ ጋ ከረመ። እንግዲህ የአባቴ ወሬ ይኸው ነው። ሌሎቹ ታክሲ ነጂዎች ሻይ ሲጠጡ ይቀልዱበታል፤ "ካፒቴን፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?" ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

እኔም የማዳምጠው እንደ ተረት ነበር። ቬጋስ ያደገ ልጅ እንዲህ ነው። ሆቴሎቹ የሠሩት ፒራሚድም፣ ቦይም፣ በቦዩ ላይ የሚቀዝፈው ሰውዬም አስመስሎ የተሠራ መሆኑን እያወቅን ነው የምናድገው። ባሕር የማውቀው አንድ ሆቴል ጓሮ ባለው ገንዳ ነው። ደወል ይደወላል፣ ማሽኑ ማዕበል ይሠራል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፤ ከዚያ ማሽኑ ይጠፋና ውሃው ይተኛል።

በዚያ ሰመር የአባቴ ዓይን ችግር ታወቀ። ከዳር ከዳር ይጨልምበታል፤ የሩቁም ይደበዝዝበታል። ፓርክ ሲያደርግ ጠርዝ ይመታል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው አይታየውም። ዶክተሯ ዘንድ ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። የዓይኑ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አይታወቅም አለች። እንዳለችው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና አመስግኗት ወጣ። የመኪናውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ሰጠኝ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ቀበቶውን እያሰረ፣

"ያን ባሕር ሳላየው እንዳይጨልምብኝ" አለ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። "ይዘሽው ሂጂ" አለችኝ። "እኔ አሁን ኦፍ አይሰጡኝም። አንቺ ግን ይዘሽው ሂጂ። ኋላ ቢቆጨን ምን ይረባናል?"

የመንደሩን ስም አባቴ ያስታውስ ስለነበር ኮምፒውተር ላይ ፈለግሁት። ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች መጡ። አንደኛው ፎቶ ላይ፣ ከእንጨት ቤት ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ መሐል ባለ ሁለት ጫፍ ጥቁር ቋጥኝ ወጥቷል። አባቴ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋና ጣቱን ቋጥኙ ላይ አሳረፈ። "ይቺ ናት" አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ክፍል ቡክ አደረግሁ። ማን እንደሆንን ልጽፍላቸው ስል ግን ከለከለኝ።

"አትንገሪያቸው። በዚያ ቤት ስንት እንግዳ አልፏል። ካላስታወሱኝ እንደማንኛውም መንገደኛ አድሬ እመለሳለሁ። ማንንም አላስጨንቅም።"

ከአውሮፕላኑ በኋላ ባቡር፣ ከባቡሩ በኋላ ደግሞ ትንሽ አውቶቡስ ነበር። አውቶቡሱ በጽድ በተሸፈነ ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ ወጣ፤ አረንጓዴው በጣም ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ዓይኔ ማረፊያ አጣ። ከዚያ የተራራ ውስጥ መንገድ ገባን፤ ጨለመ። ስንወጣ መጀመሪያ ሰማዩ እስከ መንገዱ ድረስ የወረደ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ነው ሰማይ እንዳልሆነ ያወቅሁት። ይንቀሳቀሳል። የፀሐይ ብርሃን በላዩ ላይ ተሰባብሮ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል፤ ወዲያ ሲሄድ ይጠቁራል፤ ከዚያም ወዲያ ከጭጋግ ጋር ይቀላቀልና የት ላይ እንዳለቀ አይለይም። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጋዜጣ ያነባሉ፣ ያንቀላፋሉ። እንዴት እንደዚህ ያለ ነገር አጠገብ ሆኖ ሰው ያንቀላፋል ብዬ ገረመኝ።

"መጨረሻው የት ነው?" አልኩት።

"የለውም" አለ አባቴ። መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ነበር። "ቀለሙን ንገሪኝ።"

"ሰማያዊ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ሰማያዊ?"

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፈለግሁለት፤ ቃል አጣሁ። "የላይኛው እንደ ብርጭቆ፣ የታችኛው እንደ ሌሊት" አልኩት በመጨረሻ። ፈገግ አለ። "በቃ፣ አይተሽዋል" አለኝ።

ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ እንጨቱን ጨውና ንፋስ አጥቁረውታል። እንዲህ ያለውን ማረፊያ በአገሩ ቋንቋ ሪዮካን ይሉታል። ከግድግዳው ጎን ገመድ ላይ የተሰነጠቁ ዓሦች እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥተዋል። አባቴን ክንዱን ይዤ ወደ በሩ መራሁት። ድንጋዩን እንዳይደናቀፍ ወደ እግሩ እያየሁ ስገባ ግንባሬን ከጉበኑ ጋር አጋጨሁት፤ በሩ ለቁመታችን የተሠራ አልነበረም። ግንባሬን ይዤ "አባዬ፣ ጎንበስ በል" ልለው ዞርኩ።

ጎንበስ ብሎ ነበር። ከኔ የሚረዝመው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ምሰሶ የማይታየው አባቴ፣ እጁን ከጉበኑ ላይ እንኳ ሳያሳርፍ፣ ልክ በሚበቃው መጠን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባ። ጫማውን አወለቀ፤ የጫማውን ጫፍ ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጠ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ውስጥ፣ ከፍ ባለው ወለል ላይ፣ ሊቀበሉን ተንበርክከው የነበሩ አሮጊት ነበሩ። የቤቱ እመቤት ናቸው። ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ሊያሳርፉ ዝቅ ማለት ጀምረው፣ መሐል ላይ ቆሙ። አባቴን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከኋላቸው ሻንጣ ሊቀበለን የቆመው ልጃቸውም፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ምን እንደሆኑ ስላልገባው አንዴ እናቱን አንዴ እኛን ያያል። ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል፤ ከውጭ ማዕበሉ ይሰማኛል። አባቴ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እሱ እንዲህ ሲፈራ አይቼው አላውቅም።

"ኦካኤሪ" አሉ አሮጊቷ።

አባቴ በማላውቀው ቋንቋ መለሰላቸው። ኋላ ነው የነገረኝ። ኦካኤሪ ለእንግዳ አይባልም። ከቤቱ ወጥቶ ለተመለሰ ሰው የሚባል ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ባል ከባሕር ሲገባ።

አሮጊቷ ወለሉን ተመርኩዘው ተነሡ። ቁመታቸው ከአባቴ ደረት አያልፍም። መዳፋቸውን በቀኝ ሆዱ ላይ፣ ከሸሚዙ በላይ፣ ጠባሳው ያለበት ላይ አሳርፈው አንድ ነገር ጠየቁት።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"አሁንም ያምሃል ወይ ነው የሚሉኝ" አለና፣ እንባው እየወረደ ሳቀ።

ባለቤታቸው በሕይወት አልነበሩም። በአንዱ ክፍል ውስጥ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ላይ ፎቷቸው ነበር፤ ከፊቱ፣ ለሙታን እንደሚደረገው የአገሩ ልማድ፣ አንድ ሲኒ ሩዝ ተቀምጧል። አባቴ ፊት ለፊቱ ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ ቆየ። ስንቱን እንደነገራቸው አላውቅም። በር ላይ ቆሜ ያን የምንጣፍ ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ቤት የነበሩትን ቀናት አሁን ሳስታውሳቸው ሁሉም አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ይመስሉኛል። ብርሃኑ በወረቀት በሮቹ ውስጥ ተጣርቶ እንደ ወተት ሆኖ ይገባል። የሚጮህ ነገር የለም። የልጅየው ሚስት ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ እግሯ አይሰማም፤ የሚሰማው የቀሚሷ ድምፅ ነው። እራት ያቀረቡልን በትንንሽ ሳህን ነበር፤ እያንዳንዱ ሳህን ላይ ትንሽ ነገር፤ አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ አንድ ቅጠል። መብላቱ የሚያሳዝን ያህል ያምራል። እኔ የባሕሩን ሣር አሸትቼ ወደ ጎን ሳደርግ፣ አባቴ የኔንም ጨምሮ በላው። አሮጊቷ አይተው ሩዙን ሳይጠይቁት ጨመሩለት።

ደግሞም ያወራ ነበር። አባቴ! ቃል ሲጠፋው በእጁ ይሞላል፣ አሮጊቷ ቃሉን ያቀብሉታል፣ ይቀጥላል። ልጅየው ትንሽ እንግሊዝኛ ስለሚችል ወደኔ ዞሮ፣ "አባትሽ የሚናገረው የድሮ ዓሣ አጥማጆች ንግግር ነው። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም" አለኝ። ያኔ ገባኝ። አባቴ ያን ቋንቋ የተማረው ከሽማግሌው አፍ ነው፤ እናም በዚያ ገበታ ላይ የሟቹ አነጋገር ከአንድ ኢትዮጵያዊ የታክሲ ነጂ አፍ ይወጣ ነበር። አሮጊቷ ምግባቸውን ትተው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡት ለዚህ ነበር።

አልጋ የሚባል የለም። አመሻሹ ላይ አሮጊቷ ራሳቸው መጥተው ፍራሽ ከቁም ሣጥን አውጥተው ምንጣፉ ላይ ዘረጉልን። አንሶላውን በመዳፋቸው ጠርዝ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ሲያስተካክሉት እናቴ ድቅን አለችብኝ፤ እሷም ልክ እንደዚያ ናት። ላግዝዎት ብዬ ብነሣ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡኝ። እናቴን አንድ ቀን እንዲህ የሚያነጥፍላት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አንድ ማለዳ ልጅየው በጀልባው ወሰደን። የአባቱ ጀልባ ነው። ከወደቡ ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ቋጥኙን አልፈን ወደ ክፍቱ ባሕር ገባን። እዚያ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው። ከሥራችን ያለው ውሃ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አባቴን ጠየቅሁት። "የቬጋሱን ተራራ፣ ሎን ማውንቴንን፣ ብትከቺው ጫፉ አይታይሽም" አለኝ። ጀልባው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ በጣም በዝግታ፣ አንድ ግዙፍ ነገር በደረቱ ላይ እንዳስቀመጠንና እንደሚተነፍስ። የገንዳው ማሽን ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ይህን የሚያጠፋው ማንም የለም። ሰው ሳይኖር ነበር፤ እኛ ሄደንም ይኖራል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ አጎንብሼ አላውቅም።

ልንመለስ ስንል ጉም መጣ። ከባሕሩ በኩል እንደ ግድግዳ እየተንከባለለ መጥቶ ዋጠን። የጀልባዋ አፍንጫ እንኳ አልታየኝ አለ። ጀልባው ላይ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ነበር፤ ልጅየው ወደሱ እጁን ሰደደና ተወው። አባቴን አየው። ከዚያ ከመሪው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቦታውን ለቀቀለት።

"አያይም እኮ" አልኩት በእንግሊዝኛ። "ዓይኑ ታሟል።"

"አውቃለሁ" አለ። "አባቴ ነው ያስተማረው። እኔ ልጅ ሆኜ ከዚህ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር።"

አባቴ መሪውን ያዘ። ጭራሽ ዓይኑን ጨፈነ።

"አባዬ፣ ግለጥ እንጂ።"

"ዝም በይ፣ ልስማበት" አለ በለሆሳስ። ቆይቶ፣ "ሽማግሌው፣ ጉም ሲመጣ ዓይን ይዋሻል፣ ጨፍነህ አድምጥ ይሉኝ ነበር። አንቺም አድምጪ። በግራ ጠጠሩ ሲንሿሿ ይሰማሻል?"

መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰማሁት፤ ማዕበሉ ጠጠሩን እየጎተተ ሲመልሰው፣ እህል እንደሚበጠር።

"በቀኝ ደግሞ ቋጥኙ ሥር ዋሻ አለ። ውሃው ሲገባበት እንደ ከበሮ ይመታል።"

መታ። ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ።

"በሁለቱ መሐል ዝም ያለ ቦታ አለ። የሚኬደው ዝም ወዳለው በኩል ነው።"

ጀልባዋ በነጩ ውስጥ ቀስ እያለች ገባች። አባቴ ጉንጩን ወደ ንፋሱ አድርጎ፣ መሪውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ እያሻሸ፣ የወጣት ፊት ነበረው። ድንገት በቀኜ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው የሚመስል፣ ጥቁርና እርጥብ ግድግዳ ከጉሙ ወጣ። ላዩ ላይ ነጫጭ ወፎች ተደርድረው ቁልቁል ያዩናል። አንዷም አልበረረችም። አለፈን። ውሃው ጸጥ አለ፤ የወደቡ ግንብ ብቅ አለ፤ በግንቡ ላይ አሮጊቷ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

አባቴ ዓይኑን የገለጠው ጀልባዋ ከታሰረች በኋላ ነው። እጁ መሪው ላይ ቀርቶ ነበር።

"ሽማግሌው ይህን ያስተማሩኝ ለጉም መስሎኝ ነበር" አለ።

አብሬው ቆምኩ።

አሁን አባቴ አያይም። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል፣ እሱም በደህና ቀን። ከምጣድ ጠርዝ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ጥግ ድረስ ያለውን ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል፤ እናቴ ከሺፍት ስትመለስ ገና ከደረጃው በታች ሳለች "መጣች" ይለኛል። ጓደኞቹ አሁንም ሻይ ሊጠጡ ይመጡና ካፒቴን ይሉታል፤ ቀልዱ ግን ከድምፃቸው ውስጥ ወጥቷል። አሮጊቷ አርፈዋል። ልጃቸው ደውሎ ለአባቴ ነገረው። ቤቱንም ዘግቶታል፤ ወደዚያ መንደር የሚመጣ እንግዳ ቀንሷል፣ የራሱ ልጆችም ከተማ ገብተዋል። ያ በር አሁን ከውጭ ተቆልፏል።

እኔ ግን የምነግራችሁ ከዚያ ቤት ተሰናብተን የወጣንበትን ቀን ነው።

አውቶቡሱ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ነው የሚቆመው። ሁሉም ወጡ፤ አሮጊቷ፣ ልጅየው፣ ሚስቱ። አሮጊቷ ለእናቴ በጨርቅ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ሰጡኝ፤ የአባቴን ኮሌታ አስተካከሉለት፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እንባ አልነበረም። አውቶቡሱ ሲነሣ ሦስቱም በአንድ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ቀና ብለው እጃቸውን ማውለብለብ ጀመሩ። የዚያ አገር ባለማረፊያዎች እንግዳቸው ከዓይን ሳይጠፋ ወደ ቤት አይገቡም፤ አባቴ ነው የነገረኝ። እሱም መጨረሻው ወንበር ላይ በጉልበቱ ወጥቶ፣ በኋለኛው መስታወት በኩል እንደ ሕፃን እጁን ያውለበልባል። ከአንድ ቤት ርቀት በላይ አይታየውም ነበር።

"ቆመዋል?" አለኝ።

"ቆመዋል።"

አውቶቡሱ ባሕሩን ተከትሎ ሄደ። ቤቱ አነሰ፤ ሰዎቹ ሦስት ጭረት ሆኑ። ባሕሩ ግን አላነሰም፤ እንደውም እየራቅን ስንሄድ እየሰፋ መጣ።

"አሁንስ?"

"አሁንም ቆመዋል። እጃቸውን እያውለበለቡ ነው።"

መንገዱ ታጠፈ። ጽዶቹ መጡ፤ ቤቱም፣ ቋጥኙም፣ ሰዎቹም ከዓይኔ ጠፉ። በዛፎቹ መሐል የሚታየው ቁራጭ ሰማያዊ ብቻ ነበር። አባቴ እጁን አላወረደም።

"አሁንም አሉ?" አለኝ።

"አሉ፣ አባዬ" አልኩት። "አውለብልብላቸው።"